የካቲት 16 ቀን 2019 ዘጌ ላይ ለ200 ሰው ዝክር፦ ጠላው፣ እንጀራው፣ ጀልባው

ዘካሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበሩ ጽዋ እኛ ቤት ስለደረሰ የ2019ን የኪዳነ ምሕረት ዝክር ጣና ዳር ዘጌ፣ ኡራ ገዳም ላይ የምናወጣው እኛ ነን። ካህናቱን ጨምሮ 200 ሰው ይገመታል። እስካሁን ያሰብነው እንዲህ ነው። ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ስለሆነ ቀኑ ፍስክ ነው፤ አንድ ሰንጋ እንጥላለን፣ ለካህናቱ ዶሮ ይሠራል። ጠላውን የካቲት 8 ጀምረን በሳምንት እናደርሳለን፤ ለዚህ ሁለት ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል አለን። እንጀራ 300 ይበቃል ብለናል። ሁሉም ባሕር ዳር ተሠርቶ በ16 ጠዋት በጀልባ ይሻገራል።

የተሳሳትነውን ንገሩን። «እንደ ሰዉ ብዛት ነው» የሚል መልስ ከየቦታው ሰምተናል፤ በኪሎ፣ በሊትርና በቀን የሚነግረን ነው ያጣነው።

ባሕረ ሐሳብ፦
ሰንጋውን አትግዙ።

ዐቢይ ጾም በ2019 የካቲት 29 ሰኞ መግባቱ ልክ ነው። ጾመ ነነዌ ግን ምንጊዜም ከዚያ 14 ቀን ቀድማ ሰኞ ትገባና ረቡዕ ትወጣለች። ከ29 ላይ 14 ሲነሳ 15 ይቀራል። ስለዚህ ነነዌ የካቲት 15፣ 16 እና 17 ናት፤ ዝክራችሁ ማክሰኞ፣ ከሦስቱ ቀን መካከለኛው ላይ አርፏል። ሰው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሲያይ ዐቢይን ይፈልግና እሷን ያልፋታል። ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21፣ ዐቢይ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚሉ፣ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ከአንዱ ጋር መገናኘቷ ብርቅ አይደለም። በ2018ም ዐቢይ የካቲት 9 ገብቶ ስለነበር በዓሉ የዋለው በጾም ነው። የዚያን ዓመት ባለተራዎች የገዙበትን ዝርዝር ከማኅበሩ ብትጠይቁ ግማሽ ሥራችሁ ያልቃል።

ስለዚህ ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም። «ጣና ዳር እያለን ዓሣ ምን አለበት» የሚል ሰው አይጠፋም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሌላ ቦታ ይሁን፤ ደጀ ሰላም ድረስ ይዛችሁት አትግቡ።

ከምግቡ ይልቅ ዕቅዳችሁን የሚለውጠው ሰዓቱ ነው። በፍስክ ቢሆን ሰው ቅዳሴ ወጥቶ ረፋድ ላይ ይቀመጥ ነበር። በጾሙ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እህልም ጠላም የሚቀምስ የለም። ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ታቦቱ መቼ እንደሚወጣ ከአሁኑ ከደብሩ ገበዝ ጠይቁና ጻፉት፤ የወጥ ቤቱም የጀልባውም ሰዓት ከዚያ ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። ሰንጋ ካልጣልን ቅር ይለናል ካላችሁ ሐሙስ የካቲት 18 ፍስክ ነው፤ ለራሳችሁ ሰው በዚያ ቀን አርዳችሁ አብሉ።

ባለ ጋን፦
የተነገራችሁ እውነት ነው፣ ጠላውም ይፈሰካል ብላችሁ እንዳትሰጉ፤ የጾም ነው። ግን በሳምንት የሚደርሰው ጠላ ሰው ጠጥቶ ሆዱን የሚይዝበት ጠላ ነው። ደግ ጠላ ከጥንስስ እስከ መቅጃው 15 ቀን ይወስዳል፤ ብቅሉንም ራሳችሁ የምታበቅሉ ከሆነ ሌላ ሳምንት ጨምሩ።

መጀመሪያ መጠኑ። ለሰው አንድ ሊትር ተኩል ያዙ፣ 300 ሊትር ይመጣል። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዱን የቆየ ሰው ጠላ ቶሎ ያዞረዋል። ለ300 ሊትር 75 ኪሎ እህል፣ 15 ኪሎ ብቅል፣ 10 ኪሎ ጌሾ ይገባል። እህሉን 45 ኪሎ ዳጉሳ፣ 30 ኪሎ በቆሎ አድርጉት። ዳጉሳ ብቻውን ሲሆን ይጠቁራል፣ ይከብዳልም፤ በቆሎ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ቀላልና ጣዕም የለሽ ነው። ከጌሾው 4 ኪሎ ቅጠል፣ 6 ኪሎ እንጨት ይሁን። ጌሾን ከከተማ ገበያ ገዝቶ ወደ ዘጌ መውሰድ ውሃ ወደ ጣና መቅዳት ነው። ዘጌ ሞፈር የማይያዝበት አገር ስለሆነ እህል ሁሉ ከውጭ ይገባል፤ ጌሾና ቡና ግን ከዚያው ነው የሚወጣው። አስቀድማችሁ አስመጡት።

ብቅሉ። 18 ኪሎ ገብስ ጥር 22 ማታ ዘፍዝፉ፤ ሲበጠር፣ ሲደርቅ፣ ሲፈጭ 15 ይሆናል። በነጋታው ውሃውን አጥልሉና በኮባ ቅጠል ጠቅልሉት፣ 3 ቀን። ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሲያክል ይበቃዋል፤ አረንጓዴ ቅጠል እስኪያወጣ ከጠበቃችሁ ጉልበቱን በልቶታል። ከዚያ 3 ቀን ፀሐይ። በጥርስ ሲሰበር «ቀጭ» ካላለ አልደረቀም፤ እርጥብ ብቅል ወፍጮ ላይ ይለጠፋል፣ ቢፈጭም ይሻግታል።

የካቲት 1 ጥንስስ። የደቀቀውን የጌሾ ቅጠል በ40 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡት፣ 3 ቀን ይቀመጥ። የካቲት 4 ከእህሉ ዱቄት 15 ኪሎውን በቂጣ ጋግሩ፤ ቂጣው ጠርዝ ጠርዙ እስኪጠቁር ይቆይ፣ የጠላው ቀለም አንዱ ከዚህ ነው። ቆራርሳችሁ ከብቅሉ ጋር ጨምሩት። በማግስቱ ጆሮ ጠጋ ሲያደርጉት እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ዝም ካለ ወይ ውሃው ሙቅ ነበር፣ ወይ ብቅሉ አርጅቷል። ያኔ እንኩሮውን (በምጣድ ተማስሎ የሚጨመረውን እርጥብ ዱቄት) አታስገቡ፤ አንድ ኪሎ ትኩስ ብቅል ጨምራችሁ ሌላ ቀን ጠብቁ።

የካቲት 6 እንኩሮ። የቀረውን 60 ኪሎ ዱቄት ውሃ እያርከፈከፋችሁ አርጥቡ፤ ጨብጠው ሲለቁት የሚይዝ፣ ሲነኩት የሚፈርስ ይሁን። በብረት ምጣድ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ፣ እያማሰላችሁ አንኩሩት። ብዙ ሰው ጠላ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። እንኩሮው ከላይ ሲነኩት የቀዘቀዘ ይመስላል፣ ክምሩ ውስጥ እጅ ሲያስገቡ ግን ያቃጥላል። እንደዚያው ከተጨመረ ጥንስሱን ይገድለዋል፤ ከሁለት ቀን በኋላ የሚሸተው የኮመጠጠ ገንፎ ነው። ሰፌድና ሸራ ላይ ስስ አድርጋችሁ አሰጡት፣ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ከተወቀጠው ጌሾ እንጨት ጋር ቀላቅሉና ወፍራም ድፍድፍ አድርጋችሁ አፉን ዝጉ፣ እስከ 13 አትንኩት።

አሁን ወደ በርሜላችሁ። ሁለቱ አይበቃችሁም። 300 ሊትር የሚጠጣ ጠላ ለማግኘት ከአተላው ጋር 420 ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ በርሜል ደግሞ እስከ አፉ አይሞላም፣ ሲፈላ ይገነፍላል። ሦስተኛ ፈልጉ። ዘይት፣ ሳሙና ወይም ማዳበሪያ የያዘ በርሜል ከሆነ በምንም ቢታጠብ አይለቅም፣ እሱን ተዉት። ንጹሑን በግራዋ ፈትጉ። ፕላስቲክ በወይራ አይታጠንም፣ ይቀልጣል። ስለዚህ ጥንስሱን በደንብ በታጠነ እንስራ ያዙ፣ መቅጃ እንስራዎቹንም እጠኑ፤ ጭሱን ከዚያ ያገኛል።

ሌላም አለ። ጠላውን ሞልታችሁ በጀልባ አትጫኑ፣ ድፍድፉን አሻግሩ። ድፍድፉ 170 ሊትር ቢሆን ነው፤ የቀረው 250 ሊትር ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ እዚያም አለ። 13 ላይ ዘጌ ተሻግራችሁ ውሃውን አፍሉ፣ ሲቀዘቅዝ 14 ጠዋት ሙሉት፣ ዝጉት፣ እስከ 16 ይጠላል። የጣና ውሃ ሳይፈላ ጠላ ውስጥ አይግባ፤ ጌሾ ሁሉን ነገር ይገድላል የሚለውን አትመኑ።

ዘካሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የነነዌውን ነገር ለማኅበሩ ስንነግር ሁሉም ደንግጧል። ሁለት ጥያቄ፦ ድፍድፉን በጀሪካን ብንጭነውስ? እንጀራውን ለማንጣት የፎገራ ሩዝ ቀላቅሉ ብለውናል፤ ይሆናል?

ምጣድና ድስት፦
ጀሪካኑን ባለ ጋን ይመልሱ፣ እኔ ወደ እንጀራው።

300 አይበቃም። ለሰው ሁለት ያዙና ለቆሎ ተማሪውም ለመንገደኛውም አንድ አሥረኛ ጨምሩ፣ 440። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ወፍራም ከሆነ 3፣ ሳሳ ካለ 4 እንጀራ ይወጣል፤ በመካከለኛው 125 ኪሎ ጤፍ ነው። የወፍጮው ነገር ስለሚለያይ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ኪሎ ለይታችሁ ጋግሩና ቁጠሩ።

ሩዙን በተመለከተ፣ ከአራት እጅ አንድ እጅ እስከመሆን ችግር የለውም፤ ወረታ አካባቢ ብዙ ቤት ኤክስ ጅግና የሚባለውን ሩዝ ከጤፍ ጋር ነው የሚጋግረው። ነጭ ይሆናል፣ ዓይኑም ያምራል፣ ግን የዕለቱን ዕለት የሚበላ ነው። የእናንተ 15 ተጋግሮ 16 ከ9 ሰዓት በኋላ ነው የሚቀርበው፤ እስከዚያ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ሲጠቀለል ይሰበራል። ንጹሕ ጤፍ ይሁን፣ ቢጠቁርም ሰው አይታዘብም።

ሊጡን ዓርብ የካቲት 12 ማታ አቡኩ። ሰኞ 15 ንጋት ላይ የቀረረውን ውሃ ድፉ፣ ከሊጡ አንድ አሥረኛውን አውጥታችሁ በሦስት እጥፍ ውሃ አፍልታችሁ አብሲት ጣሉ፣ ለብ ሲል መልሱ። የፈላ አብሲት ሊጡ ላይ የገለበጠ ሰው ዓይን የለሽ እንጀራ ይጋግራል፤ ዓይን የሚያወጣው ሕይወት ያለው ሊጥ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ኩፍ ይበል። አንድ ምጣድ በሰዓት 16 ያህል ያወጣል፤ በ4 ምጣድ 7 ሰዓት፣ በ2 ምጣድ 14 ሰዓት ማለት ነው። መብራት ላይ ብቻ አትመኩ፣ ሁለቱ የእንጨት ይሁኑ። ምጣዱ ከያዘ ጎመን ዘር ደቁሳችሁ አስሱት፤ ዘይት አትቀቡ። ትኩሱን በትኩሱ ላይ አትደርቡ። በሰፌድ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ነው የሚደረደረው፤ ላቡ ከታች ያሉትን ያረጥብና ጀልባ ላይ ተጣብቀው ይደርሳሉ።

ወጡ። ለ200 ሰው 12 ኪሎ ምስር ክክ፣ 8 ኪሎ የአተር ክክ ለአልጫ፣ 7 ኪሎ ሽሮ፣ 25 ኪሎ ጎመን። ሽንኩርት 30 ኪሎ፣ ዘይት 12 ሊትር፣ በርበሬ 3 ኪሎ። ቀይ ሽንኩርቱን በአንድ ትልቅ ድስት አታቁላሉ፤ 15 ኪሎ አንድ ላይ ሲገባ በራሱ ውሃ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፣ ወጡም ቀጥኖ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ለሦስት ከፋፍላችሁ አብስሉና በኋላ ቀላቅሉ። አልጫው ላይ ጨው መጨረሻ። ጣና ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አተር ክክ ቶሎ አይበስልም። ማታውን ዘፍዝፋችሁ ካላደራችሁት 9 ሰዓት ሲደርስ ጥሬ ሆኖ ነው የምታገኙት። ሽሮው ሌላ ጣጣ አለው፤ ከ7 ኪሎ 40 ሊትር ገደማ ይወጣል፣ በሁለት ድስት ሥሩት፣ ድስቱም ከሦስት ሁለት እጅ በላይ አይሙላ። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን በአንድ እጅ እየነሰነሳችሁ በሌላው አማስሉ፤ አንዴ ሥሩ ከያዘ የሚሸተው ሁሉ ቃጠሎ ነው፣ ያኔ ሳትፍቁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡት።

ስልጆን አትርሱ። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት የካቲት 11 ቢዘጋጅ 16 ላይ በልኩ ኮምጥጦ ይደርሳል። በዕለቱ እሳት አይፈልግም፤ ምድጃ ሲጨናነቅ የሚታደጋችሁ እሱ ነው። ለ200 ሰው 3 ኪሎ ዱቄት በቂ ነው፣ በማንኪያ ነው የሚቀርበው።

ባለ ጋን፦
የጀሪካኑን። ይሆናል፣ አፉ ሰፊ ከሆነ። ባለ 20 ሊትሩ ላይ 15 ብቻ አድርጉ፣ ክዳኑን ደግሞ ግማሽ ዙር ላላ አድርጉት። ድፍድፍ ገና እየሠራ ነው፤ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋና ፀሐይ ካገኘው ይነፋል፣ ሲከፈትም ግማሹ ጀልባው ውስጥ ነው። 170 ሊትር ማለት 12 ጀሪካን።

አንድ ነገር ከምጣድና ድስት ጋር አልስማማም፤ በርበሬው 3 ኪሎ ለምስሩም ለሽሮውም ከሆነ ያንሳል። ሽሮው ራሱ በርበሬ የገባበት ከሆነ ይበቃል፣ ነጭ ሽሮ ከሆነ 4 ያድርጉት።

ምጣድና ድስት፦
በርበሬ ያለበትን ሽሮ አስቤ ነው። ነጭ ከሆነ ልክ ነዎት።

የወደብ ሰው፦
ስለ ጀልባው ማንም አልተናገረም። ከባሕር ዳር ወደብ እስከ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት ረጋ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ የተጫነ ጀልባ ያኔ ጎኑን ለሞገድ መስጠት የለበትም። ስለዚህ ጭነት ሁሉ ጎህ ሲቀድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ይነሳ። በሁለት ዙር አድርጉት። 13 ላይ ድፍድፉ፣ ድስቱ፣ ጥራጥሬው፣ ምድጃውና አብሳዮቹ፤ 16 ንጋት ላይ እንጀራው ብቻ። 440 እንጀራ ከ2 ኩንታል ይበልጣል፣ ከሰው ጋር በአንድ ትንሽ ጀልባ አይጫንም። ከባዱ መሐል ላይ፣ ከወለሉ ጋር፤ እንጀራው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከፍ ብሎ፣ ምክንያቱም የጀልባ ወለል ሁልጊዜ ውሃ አለው። ለሰው ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ከመነሳት በፊት ቁጠሩ፤ «አለ» የሚለውን ቃል አትመኑ፣ አስወጡና እዩ።

ከዘጌ ወደብ እስከ ኡራ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ የእግር መንገድ ነው። ተሸካሚ አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ በበዓሉ ዕለት አታገኙም፤ ሁሉም የራሱ እንግዳ አለበት። ማገዶም እንደዚሁ። ደረቅ እንጨት ከሳምንት በፊት ግዙ፤ በገዳሙ ደን ውስጥ ገብቶ መልቀም ነውር ነው።

ስለ መመለሻው ደግሞ፦ ከ9 ሰዓት በኋላ የተቀመጠ ሰው ከ11 በፊት አይነሳም፣ 12 ላይ ይመሻል፣ ነፋሱም በዚያው ሰዓት ነው። የከተማ እንግዶቻችሁ በመኪና እስከ አፋፍ (ዘጌ ላይ ያለችው ከተማ) መጥተው ቀሪውን በእግር ቢገቡ ይሻላል፣ በዚያው ይመለሳሉ። ዕቃውን 17 ጠዋት መልሱት።

ዘካሪ፦
የተስተካከለውን ጻፍነው፦ ጥር 22 ገብስ መዘፍዘፍ፤ የካቲት 1 ጥንስስ፤ 4 ቂጣና ብቅል፤ 6 እንኩሮ፤ 11 ስልጆ፤ 12 ማታ ሊጥ፤ 13 የመጀመሪያው ጀልባ፤ 14 ጠላውን መሙላት፤ 15 እንጀራ፤ 16 ንጋት ሁለተኛው ጀልባ። ቡና 3 ኪሎ ጥሬ ከዚያው ከዘጌ። የቀረ አለ?

ምጣድና ድስት፦
15 ማታ አተሩን ይዘፍዝፉ፣ እሱን አልጻፋችሁም። ጨው 4 ኪሎ። መሶብ ለ8 ሰው አንድ ብትሉ 25 ያስፈልጋል፤ ከእድሩ ተዋሱ፣ ነነዌ ላይ ሰርግ ስለሌለ ሥራ አይበዛበትም።

ባለ ጋን፦
ለመቅጃው ንጹሕ መጥለያ ጨርቅ ሁለት፣ ጣሳ 70። አተላውን ደግሞ ወደ ጣና እንዳትደፉት፤ ከብት ያለው ሰው በጀሪካን ይወስድላችኋል።

የወደብ ሰው፦
16 ላይ ነፋስ በጠዋቱ ከተነሳ እንጀራውን በመኪና በአፋፍ ለማስገባት አንድ ባለ መኪና 15 ማታ ተጠባባቂ ይሁን። ስልኩን ደግሞ ከጀልባው ባለቤት ጋር ቀድማችሁ አገናኙት።